እናቴ መጣ

ኦቾሎ፣ ሰኔ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለሰይፈሥላሴ ካሳ
ጎተንበርግ፣ ስዊድን

ይህ ወረቀት በደህና ውለህ፣ በደህና አድረህ፣ ከነልጆችህ ያግኝህ። እኛ ክረምቱን በጤና ጀምረናል፤ እንሰቱም ደህና ይዟል። ሚስቴ አበራሽ ሰላም ብሎሃል። ወገቡን ያመዋል እንጂ ሌላ ነገር የለበትም።

እኔ ሸማ መሥራት ትቻለሁ ማለት ይቻላል። የሸማ ጉድጓዱ ውስጥ ስቀመጥ ክሩ አይታየኝም። ዓይኔ ለሩቁ ደህና ነው። ደጄ ላይ ቆሜ የአባያን ሐይቅ ከዳር እስከ ዳር አያለሁ። እጄ ላይ ያለውን ግን አላይም። በዚህ ምክንያት ነው በትልልቅ ፊደል የምጽፍልህ። የልጅ ልጄ ሀሌሉያ ወረቀቱን በስልኩ ፎቶ አንስቶ ይልክልሃል። አንተም በዚያው መልስልኝ፤ እሱ ያነብልኛል።

የምጽፍልህም ስለዚሁ ስለ ሀሌሉያ ነው። አሥራ ሰባት ዓመቱ ነው። እናቱ ከሞተ ጀምሮ ያሳደግነው እኔና አበራሽ ነን። ስምንተኛ ክፍልን እዚህ አንደኛ ወጥቶ ጨረሰ። ዘጠነኛን ለመማር አርባ ምንጭ ወረደና ከጓደኞቹ ጋር ቤት ተከራየ። ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣ የሳምንቱን ቆጮ ይዞ ይወርድ ነበር፤ እኔ እናንተ ቤት ሆኜ ስማር እንደማደርገው። ዘንድሮ አሥረኛን በሚያዝያ ተወው። ለምን ብዬ ብጠይቀው፣ "ክፍል ውስጥ አፌን አልከፍትም፤ እንዲሁ ከምቀመጥ ብሠራ ይሻላል" አለኝ። አሁን ኩልፎ ወንዝ ዳር ከሙዝ ጫኞች ጋር ይውላል።

በመስቀል የአበራሽ ወንድም ከአዲስ አበባ ይመጣል። ሲመለስ ሀሌሉያን ይዤው ልሂድ፣ ሽሮ ሜዳ ሥራ አይጠፋም ብሏል። በመስቀል አውቶብስ የሄደ ልጅ ወደ ደብተሩ እንደማይመለስ አንተም ታውቃለህ። ከእኛ እኩዮች ስንቱን እንዲያ ሸኘን።

ኃይለመስቀል አርባ ምንጭ ሲቀላ ያለውን ጋራዡን አስፍቶታል። ትምህርት ካቋረጡ ልጆች በየዓመቱ ሁለት ይወስዳል። ጠዋት ትምህርት ቤት ይልካቸዋል፣ ከሰዓት ባጃጅ ጥገና ያስተምራቸዋል። ከትምህርት ቤት የቀረ ከጋራዡም ይወጣል። እኔ ብጠይቀው በትከሻዬ መታ መታ አድርጎ ሻይ ይጋብዘኛል። አንተ ግን መፍቻ አብረኸው የያዝክ ነህ፤ ቃልህን ይሰማል። ገንዘብ አልለምንህም። የምለምንህ አንድ ቃል ነው።

እግዚአብሔር በሄድክበት ሁሉ ይቅደምልህ።

ኦይታ

✻

ጎተንበርግ፣ ሰኔ 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለኦይታ፣

አንተም፣ አበራሽም፣ ደጃችሁም ሰላም ይሁን። እኔ ከደም ግፊቱ ጋር ተስማምቼ እኖራለሁ። ከአውቶብስ ጥገናው ሥራ ጡረታ ከወጣሁ ሁለት ዓመት ሆነኝ።

ደብዳቤህን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። "አበራሽ ሰላም ብሎሃል" የሚለው ላይ ስደርስ ብቻዬን ጮክ ብዬ ሳቅኩ። አባቴ ቢኖር ቀዩን እስክሪብቶ ያነሳ ነበር። ሃምሳ ዓመት አልፎም እናትህ መጣ፣ ሚስትህ ሄደ ነው! እንዳትለወጥ፤ እኔ የማውቀው ኦይታ ይኸው ነው።

ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ አርባ ምንጭ ሴቻ ያለው ቤታችን ከፊቴ አልጠፋ አለ። አንድ አልጋ ላይ ተኝተን ብርድ ልብሱን እየጎተትክ ትወስድብኝ ነበር። አባቴ ወደ ስብሰባ ሲሄድ በጓሮ ሾልከን ኩልፎ እንወርዳለን። አንተ ወንዙን ትሻገራለህ፤ እኔ የሸሚዝህን ጫፍ ይዤ እከተልሃለሁ። እናቴ ፀጉራችንን ዳስሳ እርጥብ መሆኑን ስታውቅ፣ "ዝናብ ነው" ብለህ የምትመልስላት አንተ ነበርክ፤ ሰማዩ አንድ ደመና ሳይኖረው። እዚህ ኩልፎን የሚያህሉ ወንዞች አሉ። ማንም ልብሱን አውልቆ ሲሻገራቸው አላየሁም።

አሁን ስለ ጉዳዩ። ለኃይለመስቀል ያን ዕለት ማታ ደወልኩለት። "ያንተ ዘመድ የኔም ነው። ግን ጉልበት አለው?" አለኝ። "ሙዝ የሚጭን ወንድ ልጅ ነው፤ ምን ጉልበት ትጠይቀኛለህ?" አልኩት። ተስማማ። ከጋራዡ ጀርባ ልጆቹ የሚያድሩበት ክፍል አለ፤ እዚያ ይተኛል፣ ከእነሱ ጋር ይበላል። መስከረም 5 ይዘኸው ውረድ። የትምህርት ቤቱን ምዝገባ ኃይለመስቀል ራሱ ይጨርሳል።

ሁለት ነገር ንገረኝ። የእግሩ ቁጥር ስንት ነው? የሥራ ጫማ ልልክለት ነው። ደግሞስ ክፍል ውስጥ የማይናገረው ለምንድን ነው?

ሰይፈሥላሴ

✻

ኦቾሎ፣ ነሐሴ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሰይፈሥላሴ፣

ጤናህን እመኝልሃለሁ። እኛ ደህና ነን።

መልሴ ዘገየ። ዝናቡ ነው ብዬ ልጽፍልህ ነበር። ዝናቡ አይደለም።

ለኃይለመስቀል ስለ ነገርክልኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የሳቅከውን ግን ሀሌሉያ ሲያነብልኝ ድምፁ እያነሰ፣ እያነሰ ሄደ። ያኔ ነው ልጽፍልህ የወሰንኩት።

ስድስተኛ ክፍል ነበርን። አባትህ አማርኛ እያስተማሩን ነበር። እናቴ ከኦቾሎ ቆጮ ተሸክሞ መጥቶ በመስኮቱ በኩል ቆመ። እኔ እጄን አወጣሁና፣ "መምህር፣ እናቴ መጣ" አልኩ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እናቴ ምን እንደሆነ አላወቀም፤ ሰው ሲስቅ አይቶ እሱም ሳቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ "እናቴ መጣ" ሆነ። በደወል ሰዓት፣ በኳስ ሜዳ፣ ውሃ ስቀዳ። በሁለተኛው ሳምንት ጓዜን ይዤ ወጣሁ። ሸማ ጉድጓድ ውስጥ ማንም ምን አልክ ብሎ አይጠይቅህም።

ሀሌሉያ የማይናገረው ለምን እንደሆነ ጠይቀኸኛል። እዚህ እስከ ስምንተኛ በጋሞኛ ነው የሚማሩት። ዘጠነኛ ላይ ተነስቶ በአማርኛ አንድ ነገር ሲናገር ሳቁበት። ከዚያ ወዲህ አልተነሳም። ሌላ ምክንያት የለውም።

እንግዲህ ሁለተኛ ልመና አለኝ። ከዛሬ በኋላ ስጽፍልህ ስህተቴን አይተህ እለፈው። ሳቅም አትጻፍልኝ፣ እርማትም አትጻፍልኝ።

የእግሩ ቁጥር ሠላሳ ስምንት ነው።

ኦይታ

✻

ጎተንበርግ፣ ነሐሴ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለኦይታ፣

ሰላምታዬ በይቅርታ ይጀምራል።

ያን ቀን አስታውሰዋለሁ። አንተ ክፍሉ በሙሉ ሳቀ አልክ። መጀመሪያ የሳቀው ግን አንድ ሰው ነበር፤ ከአጠገብህ የተቀመጠው፣ የአስተማሪው ልጅ። አንተ ያን ሳትጽፈው አለፍክ። እኔ ልጽፈው ይገባኛል።

ከሄድክ በኋላ አባቴ ሁለት ጊዜ ኦቾሎ ድረስ በእግሩ ወጣ። ሁለቱንም ጊዜ ብቻውን ተመለሰ። ለእናቴ ምን እንዳላት አላውቅም። የእኔን ደብተር ግን ከወትሮው አብልጦ ያርም ጀመር። ከዚያ በኋላ አልጋው ሰፋኝ። ኩልፎም ብቻዬን አልወረድኩም፤ የምይዘው ሸሚዝ አልነበረም። ደብረ ማርቆስ የተወለደው አባቴና ኦቾሎ የተወለደችው እናቴ በሁለት ዓይነት አማርኛ ሲጨቃጨቁ ያደግኩ ልጅ፣ ያንተ አማርኛ ምኑ እንዳሳቀኝ ዛሬም አይገባኝም።

ልመናህን ተቀብያለሁ። የጻፍከውን እንደጻፍከው አነባለሁ፤ አልጠይቅህም።

የጫማውን ቁጥር በተመለከተ፣ ሠላሳ ስምንት ለጋራዥ ልጅ ትንሽ ሆነብኝ። ወንድ ልጅ በዚህ ዕድሜው እግሩ ማደግ ስለማያቆም አርባ ሁለት ገዛሁለት፤ ጫፉ ብረት ያለው፣ ጠንካራ ነው። ወደ አርባ ምንጭ የሚመጣ ሰው ስላገኘሁ በቀጥታ ኃይለመስቀል ዘንድ ያደርሰዋል። ሀሌሉያ መስከረም 5 ሲገባ እዚያው ይጠብቀዋል።

እንቁጣጣሹን በደስታ ያድርግላችሁ።

ሰይፈሥላሴ

✻

ኦቾሎ፣ መስከረም 8 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለሰይፈሥላሴ፣

ሰላምታውን መጨረሻ ላይ እጽፈዋለሁ።

ሰኞ ዕለት ሀሌሉያን ይዤ ሲቀላ ወረድኩ። አበራሽ አዲስ ነጠላ አልብሶት ነበር። ኃይለመስቀል ከባጃጅ ሥር ወጥቶ እጁን በጨርቅ እየጠረገ መጣ።

"እንኳን ደህና መጣህ፣ ሽማግሌው! ልጁ የታለ?"

"ይኸው" አልኩት።

ሀሌሉያን አየ፤ ከዚያ ከኋላችን ወደ መንገዱ አየ። "ይቺን አየኋት። ልጁን ነው የምልህ።"

"ይኸው ነው እኮ!"

"ኦይታ፣ ዓይንህ ይህን ያህል ደክሟል?"

ጎረምሶቹ ሥራቸውን ጥለው ከበቡን። ኃይለመስቀል ገብቶ አንድ ካርቶን ይዞ ወጣ። ከካርቶኑ ውስጥ ጀልባ የሚያህል ጫማ አወጣ። "ይህ ለማን ነው ታዲያ? ሁለቱም እግሯ በአንዱ ይገባል!" አለ። ያልሳቀ ሰው አልነበረም።

ኋላ ግን ሳቁን ትቶ ወደ ጥግ ወሰደኝ። "ሰይፉ በገዛ አፉ ወንድ ልጅ ነው ብሎኛል። ያለኝ ክፍል አንድ ነው፤ አራት ጎረምሳ ይተኛበታል። የሰው ሴት ልጅ ወስጄ እነሱ መሐል አላስተኛም። ነገ አንድ ነገር ብትሆን ምን ብዬ ዓይንህን አያለሁ? ከመስቀል በኋላ ቦታውን ለሌላ እሰጠዋለሁ፤ አትቀየመኝ።" አልተቀየምኩትም። እኔም ብሆን እንዲያው እል ነበር።

የተቀየምኩት በአንተ ነው። ለምን ዋሸኸው? ሴት ነው ብትለው አይቀበልም ብለህ ነው? እንዲያ ከሆነ መጀመሪያ ለእኔ አትነግረኝም? ሀሌሉያ ሴት ናት። ይኸው "ናት" ብዬ ጻፍኩ፤ የቀበሌውን ጸሐፊ ጠይቄ ነው። ናት።

የአበራሽ ወንድም ቅዳሜ ይገባል። ተመልሶ የሚሄድበት አውቶብስ መስከረም 24 ነው፤ ለሁለት ሰው ወንበር ይዣለሁ ብሎ ደውሏል።

ሰላም ሁን።

ኦይታ

✻

ጎተንበርግ፣ መስከረም 10 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለኦይታ፣

የእግዚአብሔር ሰላም ከአንተ ጋር ይሁን፤ ከእኔ ጋር ሰላም ባትሆንም።

አልዋሸሁም። ሀሌሉያ የወንድም የሴትም ስም ነው። አንተ "እሱ" ብለህ ጻፍክ፤ እኔ "እሱ" ብዬ አነበብኩ። ሚስትህን "ብሎሃል" ስትል አይቻለሁ። "እናቱ ከሞተ" ስትልም አይቻለሁ። አይቼ ስቄያለሁ፤ የልጅቷ ነገር ግን አንድ ጊዜ እንኳ አልጠረጠርኩም። ሠላሳ ስምንት ቁጥር ስትለኝ እጄ ስልኩ ላይ ነበር፤ "ኦይታ፣ ይህ ልጅ ወንድ ነው ወይስ ሴት?" ብዬ ልጽፍልህ። እርማት አትጻፍልኝ ብለኸኝ ስለነበር ፈራሁ። ያን ጊዜ የሳቅኩት እኔ፣ ዛሬ ደግሞ መጠየቅ የፈራሁት እኔ። ሁለቱም ጊዜ ከትምህርት የቀረው የእናንተ ቤት ልጅ ነው።

አንድ ያልገባኝ ነገር ግን አለ። በሰኔው ደብዳቤ "ወንድ ልጅ" ብዬ በግልጽ ጽፌልሃለሁ። በነሐሴውም ጽፌልሃለሁ። እንዴት አላየኸውም?

ለኃይለመስቀል ዛሬ ሁለት ጊዜ ደወልኩ። "እጇን አልጠላሁም፤ ያጣሁላት መኝታ ነው" ይላል። ትክክል ነው። አርባ ምንጭ ውስጥ አንዲት ልጅ በአደራ የምታድርበት ቤት ላስብ ተቀመጥኩ። በሐሳቤ ከሴቻ ጀምሬ በር በር እየቆጠርኩ እስከ ሲቀላ ወረድኩ። የእነ እንትና ቤት፣ የነርሷ ቤት፣ ዓሣ የሚሸጡት ሰውዬ ቤት። የማውቃቸው ሁሉ ወይ ሞተዋል ወይ እንደኔ ሄደዋል። ከተማውን አውቀዋለሁ ስል የኖርኩት የሌለ ከተማ ኖሯል።

መፍትሔ የለኝም፤ የምለምንህ ጊዜ እንድትሰጠኝ ነው። እስከ መስከረም 24 ድረስ ለአበራሽ ወንድም እሺ አትበል።

ሰይፈሥላሴ

✻

ኦቾሎ፣ ጥቅምት 2 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለተከበሩ አባባ ሰይፈሥላሴ፣

ከማያውቋት ከልጅዎ ከሀሌሉያ ሰላምታ ይድረስዎ። ጤናዎ እንዴት ነው? የደም ግፊትዎ? እኔ ደህና ነኝ።

በመጨረሻው ደብዳቤዎ "እንዴት አላየኸውም?" ብለው አያቴን ጠይቀውት ነበር። ያልመለሰልዎት ስላልሰማው ነው፤ እኔ ዘልዬዋለሁ። የቀሩትንም እንደተጻፉት አላነበብኩለትም። "ሙዝ የሚጭን ወንድ ልጅ" የሚለውን "ሙዝ የምትጭን ልጅ" ብዬ አነበብኩለት። "ልጆቹ የሚያድሩበት ክፍል" የሚለውን "ሴቶቹ የሚያድሩበት ክፍል" አልኩት። ስለ አርባ ሁለት ቁጥሩ ጫማ ያለውን በሙሉ ተውኩት። አያቴ እውነቱን ካወቀ ለእርስዎ ይጽፋል፤ እርስዎ ለጋሽ ኃይለመስቀል ይነግራሉ፤ ጋሽ ኃይለመስቀል አልቀበልም ይላሉ ብዬ ፈርቼ ነው። ጋራዡ በር ላይ ስቆም ምን እንደማደርግ ግን አላሰብኩም ነበር። ጫማውን ሲያወጡት መሬት ብትከፈት እገባ ነበር። አያቴ እርስዎን ዋሾ ብሎ ሲጽፍ ፎቶውን ያነሳሁት እኔ ነኝ። ከሁሉም የከበደኝ ያ ነው።

አጎቴ ከመጣ በኋላ በየቀኑ ስለ አዲስ አበባ ያወራ ነበር። መስከረም 14 ብቻዬን ወረድኩ። መጀመሪያ የሄድኩት ወይዘሮ ልክነሽ ጋ ነው፤ ኩልፎ ዳር ሙዝ ጭኜላቸው የማውቃቸው ነጋዴ ናቸው። ልጃቸው አግብታ ወላይታ ሄዳለች። "የልጅዎ አልጋ ባዶ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ" አልኳቸው።

"ባዶ ነው ብዬ አወራሁ እንጂ ኑልኝ አላልኩ!" አሉኝ። ቆይተው ደግሞ፣ "ታንኮራፊያለሽ?"

"አላውቅም።"

"የማታውቂ ከሆነ ታንኮራፊያለሽ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሙዝ ታወጪልኛለሽ፤ እሑድ ያንቺ ነው።"

ከዚያ ጋራዥ ሄድኩ። ጋሽ ኃይለመስቀል ቀና ብለው ሳያዩኝ፣ "ደግሞ መጣሽ?" አሉኝ።

"መኝታ አልፈልግም።"

"የት ልታድሪ ነው?"

"ወይዘሮ ልክነሽ ቤት።"

"ልክነሽ ቤት?" አሁን ቀና አሉ። "ከዚያ ቤት ይልቅ ወታደር ቤት ይሻልሽ ነበር።" ጎረምሶቹ ሳቁ። "እሺ። ወንድ ነኝ ብለሽ ያን ሁሉ ሰው ያሳሳትሽው ለምንድን ነው?"

"አላልኩም። ዝም ነው ያልኩት።"

"እንግዲያው ስሚ። እኔ ጋ የሚከለከለው እሱ ነው። ፍሬኑን አጥብቀሽ ይሁን ረስተሽው ሳታውቂ ዝም ካልሽ፣ ነገ ባጃጁ ሰው ይዞ ኩልፎ ይገባል። ያልገባሽን በጋሞኛም፣ በተሰበረ አማርኛም፣ በእጅሽም ቢሆን ትጠይቂያለሽ። ሰው ሊስቅ ይችላል። እኔም ልስቅ እችላለሁ፤ ሳቅ ይመጣብኛል። ስቀን ስንጨርስ ደግመሽ ትጠይቂያለሽ።"

እንደዚሁ ሆነ። ይስቃሉ፤ እኔም ደግሜ እጠይቃለሁ። ጠዋት አሥረኛ ክፍል እንደገና ገብቻለሁ። ባለፈው ማክሰኞ የፊዚክስ መምህሩ ያልገባው ካለ ሲሉ እጄን አወጣሁ። ጥያቄዬን ሳልጨርስ ከኋላ ሳቅ ሰማሁ። ጋራዥ የለመድኩት ሆኖ እስኪጨርሱ ጠበቅኩና እንደገና ከመጀመሪያው ጠየቅኩ። መምህሩ፣ "ይህን ጥያቄ ሌሎቻችሁም አላወቃችሁትም" ብለው ክፍለ ጊዜውን ሙሉ አስረዱበት።

አጎቴ ተቆጥቶ ሄደ። አያቴ አውቶብስ ተራ ድረስ ሸኝቶት፣ "የሀሌሉያን ወንበር ለራስህ ዕቃ አድርገው" ብሎታል።

ከእርስዎ የምለምነው ነገር የለም። ይቅርታ ብቻ ነው፤ እሱንም አያቴ ይቅር ካለኝ በኋላ።

ሀሌሉያ

ከስሜ በታች የጨመርኩት፦ ይህን ደብዳቤ ከመላኬ በፊት ለአያቴ አነበብኩለት። ዛሬ ምንም አልዘለልኩም፣ ምንም አልለወጥኩም። ሲያልቅ ተነስቶ ደጁ ላይ ቆመ። ሴት አያቴ ከጓዳ፣ "ምን ሆናችሁ?" ብላ ጠየቀች። ወደ ሐይቁ እያየ፣ "የሰይፉን ደብዳቤዎች በሙሉ አምጣ" አለኝ። "ሁሉንም አንብብልኝ። እንደተጻፈው።"

ስልኬን አወጣሁና ከሰኔው ጀመርኩ።